የጋሼ ኮተት

የደም ባንኩ ኮምፒውተር ባለሙያ ኮተት አትወድም። ባልደረቦቿ «መጥረጊያ» ነው የሚሏት። ጠዋት የዋናውን ኮምፒውተር ሲስተም ወደ አዲሱ ካሳደገች በኋላ፣ «አሮጌ» የሚል ቅጥያ ተለጥፎባቸው የቀሩ የድሮ ቅንብር ፋይሎችን አየች። ማሽኖቹን እንዲህ ሥሩ፣ እንዲያ ሥሩ የሚሉ ፋይሎች ናቸው። ሙልጭ አድርጋ አጠፋቻቸው። መጠባበቂያ ቅጂውን ሳይቀር!

አራት ሰዓት ላይ የደም መለያ የሚያትመው ማሽን ባዶ ወረቀት ይተፋ ጀመር።

«መለያ የሌለው ደም ከዚህ አይወጣም» አለች የላቦራቶሪዋ ኃላፊ። ድሮ በእጅ ተጽፎ፣ ተሳስቶ፣ ሰው አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ ሕጉ ጥብቅ ነው። «ሆስፒታሉ ሦስቴ ደወለ። አንድ በሽተኛ ደሙ አልቆም ብሏል። የሚስማማው ደም ያለው ደግሞ እኛ ጋ ብቻ ነው። ምን ልበላቸው?»

«አሥር ደቂቃ በያቸው።»

አሥሩ ሃያ ሆነ። ያጠፋችውን ልትመልስ ብትሞክር አልሆነላትም። ምነው እጄን በሰበረው አለች።

ካጠፋቻቸው ውስጥ አታሚው ገና ይሠራበት የነበረውን ፋይል የጻፉት ጋሼ ነበሩ፤ አምና ጡረታ ወጥተው ቦታውን ለእሷ የለቀቁት ሰውዬ። የወጡ ዕለት በሰው ፊት «ይሄን ሁሉ ኮተት ምን ሊሠሩበት ነው ያከማቹት?» ብላ ስቃባቸዋለች። ጋሼም «ግድ የለም፣ ቀን ያገናኘናል» ብለው ወጡ።

ይኸው አገናኘን! ወጥመድ ጥለውልኝ ነው የሄዱት፣ አለች በልቧ።

ደወለች። አያነሱም። ደገመች፤ ሠለሰች። አይ ሽማግሌ፣ ሆን ብለው እኮ ነው! በአራተኛው ተነሳ።

«አቤት» ድምፃቸው ሰልሏል።

«ጋሼ፣ የአታሚው ፋይል ጠፋብኝ።»

ከጀርባቸው የሰዎች ጥድፊያ ይሰማል።

«ጋሼ፣ በእናትዎ! ሰው እየሞተ ነው!»

«አውቃለሁ» አሉ። «ጠረግሽው አይደል? በይ ጻፊ።»

ከአእምሯቸው ይነግሯት ጀመር። አንድ መስመር ይሉና ያርፋሉ። ደግሞ አንድ ይሉና ያርፋሉ። አጠገባቸው አንድ ሰው ይጨቀጭቃቸዋል፤ «ቆይ አንዴ፣ ቆይ» ይላሉ። የእሷ ደም ፈላ።

«ኧረ ቶሎ ይበሉ! በሰው ነፍስ ቂም ይወጣሉ እንዴ?»

«የምን ቂም ልጄ? መጨረሻው ላይ ነጥቡን እንዳትረሺ» አሉና ስልኩ ተዘጋ። ደህና ዋይ እንኳ የለም። ወይ ጭካኔ!

ነጥቧን አስገባች። ማሽኑ ጉርምርም አለና መለያው ወጣ። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው። ኃላፊዋ ከረጢቱ ላይ ለጥፋ ለሾፌሩ ሰጠችው፤ መኪናው እየጮኸ ሄደ። ባለሙያዋ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሁለተኛ እኚህን ሰውዬ ደጃቸውን አልረግጥም ብላም ማለች።

የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። የሆስፒታሉ ነርስ ናት።

«ደሙ መንገድ ላይ ነው» አለቻት ባለሙያዋ እንባዋን እየጠረገች።

«እፎይ፣ ተመስገን! በሽተኛው እኮ ጉድ ናቸው። ለአንዲት ልጅ በስልክ መስመር በመስመር እያስጻፉ አልለቅም ብለውን፣ ስልኩን ከእጃቸው የወሰድነው ራሳቸውን ሲስቱ ነው።»