ምች ነው

ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ ቤቱ ይዞርብኛል። የቁሌት ሽታ ሲመጣብኝ አፌን ይዤ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። የባሌ እናት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቁት፦ «ምች ነው!» ዳማከሴ አሽተው አፍንጫዬ ሥር ይደቅኑታል፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ ያስታውከኛል። ማርገዜን ስንቴ ነገርኳቸው!

ዛሬም ጎረቤታችን መጥታ «ምነው እንዲህ ገረጣሽ?» ስትለኝ፣ አፌን ሳልከፍት «ምች መቷት ነው» አሏት።

ሴትየዋ ስትወጣ አላስቻለኝም።

«እማማ፣ ምች አይደለም! አርግዣለሁ አላልኩዎትም?» ብዬ ጮህኩባቸው።

ሮጠው በሩን ዘጉና እጄን ያዙኝ።

«ቀስ በይ፣ ልጄ። የመጀመሪያው እኮ አገር ምድሩ በሰማ በሳምንቱ ነው የጨነገፈብሽ። ሆድሽ እስኪገፋ ድረስ ምች ነው።»