ሁለተኛው ፎጣ

የቴርሞሱን ክዳን ስከፍት መነጽሬ በእንፋሎት ይጋረዳል። አባ ውሃ የሚያፈሱበትን የጥምቀት ዛጎል በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ይጠብቁኛል። የጥምቀት ገንዳው ድንጋይ ነው፤ ጣቴን ከትቼ አይቼዋለሁ፣ ውሃው አጥንት ይበሳል።

«ትንሽ ለብ ላድርገው አባ። የሳንባ ምች ከያዛት የነገው የመጀመሪያ ቁርባኗ ይቀርባታል።»

«ልጅቷን ልታስጠምቂ ነው ወይስ ልትቀቅያት?» ትላለች ታላቅ እህቴ ከኋላዬ። የክርስትና እናት እንድትሆን የለመንኳት እኔው ነኝ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው።

አባ ይስቃሉ። «ጨምሪ ልጄ፣ ጨምሪ። ሙቅ ውሃ አይከለከልም።»

እጨምራለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ፎጣ አለ፣ አንዱ ቢወድቅ ብዬ። መቀየሪያ ቀሚስ አለ፣ ካልሲ አለ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጃንጥላም አለ። እንዲህ ነኝ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰው የሞተ ይመስለኛል።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ሳትመረምር የምታሳልፈው ነገር ስለሌለ ቤተሰቡ «ዳኛዋ» ይላታል። በሦስት ዓመቷ ነው ከካቶሊክ ሲስተሮች የሕፃናት ማሳደጊያ ተቀብዬ ልጄ ያደረግኳት። ሲስተሮቹ በራቸው ላይ ሲያገኟት የአራት ወር ሕፃን ነበረች፤ እጇ ላይ ምስሏ የተፋቀ አንዲት ትንሽ የእመቤታችን ሜዳልያ በክር ታስሮላት ነበር። ሌላ ምንም አልነበራትም። ገበያ ስንወጣ ሰዎች «ማንን መሰለች?» ሲሉ እኔ ያልፈለግኩትን ሽንኩርት ዋጋ መጠየቅ እጀምራለሁ።

ተጠምቃ ይሆን? ማንም አያውቅም። ያልተጠመቀ ደግሞ አይቆርብም። አባ ሦስት ወር ሙሉ በየቁምስናው ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ አስፈለጉ፤ ምንም አልተገኘም። እኔም ሦስት ወር ሙሉ መቁጠሪያዬን ይዤ ስጸልይ ከረምኩ። እንዲገኝ አይደለም፣ እንዳይገኝ ነው። ይህን በንስሐ እንኳ አልተናገርኩትም።

አባ ዛጎሉን ውሃው ውስጥ ይነክራሉ። ልጄ አንገቷን ዝቅ ታደርግና መልሳ ቀና ትላለች።

«ቆይ አባ።»

ይኸው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«ይቺን ያሰረችልኝ እናቴ አስጠምቃኝ ከሆነስ?» እጇ ላይ ያለችውን ሜዳልያ ታሳያቸዋለች። «ሰው ሁለት ጊዜ አይጠመቅም ብለው ሲስተር አስተምረውናል።»

«ልክ ናቸው፣ አይጠመቅም። ለዚህ ነው ከማፍሰሴ በፊት ‹ያልተጠመቅሽ ከሆነ› የምለው። እሷ አስጠምቃሽ ከነበረ ጥምቀትሽ ያ ነው፤ የኔ ውሃ ፀጉርሽን አርጥቦ ይቀራል። ካላስጠመቀችሽ ደግሞ የዛሬው ነው።»

«የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«እግዚአብሔር።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አላውቅም።»

«ሳያውቁ ነው የሚያደርጉት?»

እህቴ አፏን በመዳፏ ትይዛለች። አባ ግን አይቆጡም። «አዎ ልጄ። ብዙውን ነገር የማደርገው እንደዚያ ነው።»

መልሱን አንገቷን ነቅንቃ ትቀበለዋለች። ከዚያ ወደ እኔ ትዞራለች።

«እማ፣ አንቺ የትኛው ቢሆን ትመርጫለሽ?»

ውሸቱ አፌ ላይ ተዘጋጅቷል። ግን የቆምኩት ገንዳው አጠገብ ነው፣ እነዚያ ዓይኖች ደግሞ እኔ ላይ ናቸው።

«የዛሬው» እላታለሁ። «እኔ ያመጣሁሽ።»

«ለምን?»

«ፈርቼ።»

«ምን ፈርተሽ?»

«አንድ ቀን እሷን ፍለጋ ብለሽ ትሄጂብኛለሽ ብዬ።»

ሜዳልያዋን በጣቷ ታዞራለች። አምስት ዓመት ሙሉ ይመጣል እያልኩ የጠበቅኩት ነገር አሁን በር ላይ የቆመ ይመስለኛል። ከዛጎሉ ውሃ ይንጠባጠባል።

«እኔ ግን ያኛው ቢሆን ይሻለኛል» ትላለች ቀስ ብላ። «እሷ እኮ ሌላ ምንም አልሰጠችኝም። አንቺ ግን...» ቦርሳዬን ታያለች። «ጃንጥላ እንኳ ይዘሽልኛል።»

ከዚያ ወደ አባ ዞራ አንገቷን ትደፋለች። «ያፍስሱ።»

ይህን ድፍረት ከማን ወረሰችው? ከእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የፈራኋትን፣ ፊቷን አይቼ የማላውቃትን ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በልቤ አመሰግናታለሁ። ያስጠመቅሻት አንቺ ሁኚ፣ እላታለሁ፤ እውነቴን ነው።

«ያልተጠመቅሽ ከሆነ» ብለው አባ ይጀምራሉ። ልጄ በአንድ እጇ ቀሚሴን ጨብጣለች፤ ሜዳልያ ያለበትን እጇን አገጯ ሥር አድርጋለች። ውሃው ሦስት ጊዜ ይወርዳል፣ ከግንባሯ ወደ አገጯ፣ ከአገጯ ወደ ሜዳልያዋ።

ፎጣውን ጭንቅላቷ ላይ ጥዬ አሻለሁ፣ አሻለሁ።

«ጆሮዬን ነቀልሽው እኮ እማ!»

ከእጄ ታመልጥና ቦርሳዬን ትከፍታለች። ሁለተኛውን ፎጣ አውጥታ እጇን ከነሜዳልያዋ መጠቅለል ትጀምራለች፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ጫፉንም ወደ ውስጥ ታስገባለች።

«ይሄ ደግሞ ለምንድነው?»

«ረጥባለቻ። እንዳይበርዳት።»

የእህቴ ሳቅ ባዶውን ቤተ ክርስቲያን ይሞላዋል። «ቁርጥ እናቷን!»

ልጄ አትዞርም። የተጠቀለለውን እጇን እንደ አራስ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እንዳትወድቅ እግሯን እያየች፣ የበሩን ደረጃ አንድ በአንድ ትወርዳለች።