የመጨረሻዋ ድምፅ

«ቅንጣት ውሸት ካለበት ምላሴ ይድረቅ!» ብሎ ለጎረቤቶቹ ማለ ድምፅ ቆጣሪው፣ የምርጫውን ቀን ሲተርክላቸው። የመጨረሻዋን የምርጫ ወረቀት አነሣ። ሃያ ዓመት ወንበር ያልለቀቁት የምክር ቤት አባልና ተፎካካሪያቸው አስተማሪዋ እኩል ለእኩል ነበሩ፤ አዳራሹ ውስጥ ዝንብ እንኳ ትንፋሿን ውጣለች። አባሉ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ «እንዴት ነው፣ ልጆችህ ደኅና ናቸው?» አሉት። ላቡ ወረቀቷን አራሳት። ምልክቱ ያለው አስተማሪዋ ስም ላይ ነበር።

ከዚያማ እንደ አንበሳ አገሣ! «አስተማሪዋ!» ሲል ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ አባሉም መሬት ላይ ዘጭ አሉ።

ጎረቤቶቹ ሊያጨበጭቡ ሲሉ፣ ያን ቀን አብራው የቆጠረችው ሴት አንገቷን ደፋች።

«ጋሼ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ያን ቀን እርስዎ የጠሩት እኮ የአባሉን ስም ነው። እኔም አጠገብዎ ቆሜ፣ ወረቀቷን እያየሁ ዝም አልኩ።»