የቀላው ነበልባል

አዲሱን ሕንፃ ሊፈትሽ የመጣው ተቆጣጣሪ እያየ፣ መሐንዲሷ ላይተሩን ለኩሳ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። በድርብ መስታወቱ አራት ገጾች ላይ አራት ትንንሽ ነበልባሎች ታዩ። ሙቀት የሚመልስ ቅብ ካለው አንዱ ቀላ ማለት አለበት፤ ከሌለው ሕንፃው የአረንጓዴ ሕንፃ ደረጃ አያሟላም፤ መስኮቶቹን መርጣ የፈረመችው ደግሞ እሷ ናት።

«ሁሉንም መስኮቶች እንዲህ ሞክረሻቸዋል?» አላት ተቆጣጣሪው።

«አንድ በአንድ፣ ጋሼ።»

ሦስተኛው ነበልባል ቀላ። «ይኸው፣ ቅቡ አለ» አለ ተቆጣጣሪው። እሷ ግን ላይተሩን እንደያዘች ቆመች። ከሦስት መቶ መስኮቶች የሞከረችው ይህንኑ አንዱን ብቻ ነበር፤ ተቆጣጣሪውንም አውቃ ነው ወደዚህ መስኮት ያመጣችው።

«እስቲ ደግሞ እኔ የምመርጠውን እንይ» ብሎ ወደ ኮሪደሩ ጥግ ቀድሟት ሄደ። ላይተሩን እንዳላጠፋችው የታወቃት ጣቷን ሲፈጃት ነው።