የአማት ድስት

የጠመንጃው ሰደፍ ለሦስተኛ ጊዜ ረዳቱ በሆነው የሚስቱ ወንድም አፍ ላይ ሲያርፍ ሹፌሩ ጥርስ ሲሰበር ሰማ።

“መኪናው ያለበትን የሚያሳብቀው ዕቃ የት ነው?” አለ ሪዛሙ ዘራፊ።

“አላውቅም።”

የሚስቱ ወንድም ከከባዱ መኪና ፊት ተንበርክኮ፣ ዓይኑን በመስታወቱ ውስጥ ከምትታየው ቀይ መብራት አይነቅልም። ዘራፊዎቹ በሩን ሲሰብሩ የድረሱልኝ ቁልፉን የተጫነው እሱ ነው። ጥሪው ደርሶ አረንጓዴ እስክትሆን ዱላውን ሊችል ቆርጧል።

አረንጓዴ እንደማትሆን የሚያውቀው ሹፌሩ ብቻ ነው። መከታተያ መሣሪያዋ ከተማ ውስጥ በስልክ ማማ፣ እንዲህ ያለ በረሃ ላይ ደግሞ በሳተላይት ትናገራለች። የት እንደቆሙ ሁሉ ለአለቃ ስለምታሳብቅ ሹፌሮች “አማት” ይሏታል። ሸለብ ማድረግ ሲያምራቸውም ጣሪያ ላይ ያለው አንቴናዋ ላይ፣ ሳተላይት እንዳታገኝ፣ የብረት ድስት ይደፉበታል። ብልጠት ነው እንግዲህ። ዛሬ ሹፌሩ የደፋው የሚስቱ ወንድም ተኝቶ ሳለ ነው።

ሰደፉ ለአራተኛ ጊዜ ተነሳ።

“ጣሪያው ላይ ነው፤ እኔ እሰብረዋለሁ” አለ ሹፌሩ።

“ጋሼ፣ ምነው? ዝም በል እንጂ።”

“ሞተህ እህትህን ምን ልበላት?”

ሪዛሙ መዶሻ ወረወረለት። “ውጣ። ከለገምክ የዚህን ግንባር ነው የማፈርሰው።”

ጣሪያው መዳፉን ለበለበው። ድስቱን አንስቶ ወደ ታች ጣለው። የሚስቱ ወንድም ድስቱ ሲንከባለል አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሹፌሩ ቀና አለ። ሹፌሩ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

አማት ሳተላይቷን እስክታገኝ አንድ ደቂቃ ያህል ትፈልጋለች።

“ምን ትጠብቃለህ?”

ሹፌሩ ግራ እጁን አንቴናው አጠገብ አሳርፎ በመዶሻው ጣቶቹን መታቸው። ጩኸቱ የውሸት አልነበረም። ታች ያሉት ተንከተከቱ።

“ዕውር። ደግመህ ምታ።”

ደግሞ ያንኑ እጁን መታ። አጥንቱ ሲደቅ ተሰማው። ዓይኑ ጭልም አለበት፤ ግን መዶሻውን አልለቀቀም። ሦስተኛው ላይ ሳቁ ቆመ፤ ሪዛሙ ጠመንጃውን አቀባበለ።

ከመኪናው ውስጥ አንዴ “ጢጥ” የሚል ድምፅ ተሰማ።

“ምንድነው እሱ?”

የሚስቱ ወንድም መብራቷ አረንጓዴ መሆኗን አይቶ ደሙን ተፋ። “ነዳጅ ነው። ሊያልቅ ነው ይላል።”

ሹፌሩ አንቴናውን በአንድ ምት አደቀቀው፤ ይህን ጊዜ አልሳተም። ወደ ታች ሲያይ የሚስቱ ወንድም፣ የሚመጡት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እንዳያገኙት፣ ድስቱን በጉልበቱ እየገፋ ከጎማው ኋላ ይደብቃል።