የዓርብ አረፋ

ከአንኮበር በታች፣ ወንዙ ግርጌ፣ ገብረ ጻድቅ ብቻውን ይኖራል። ሚስቱ ደመቀች ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ቤቱ ቆርቆሮ በለበሰበት ዓመት የተወለደችው አንዲት ልጁ መስከረም ከወንዙ ላይኛው በኩል ትኖራለች። ገዛኸኝ ሽማግሌ ሳይልክ ስላገባት አባትና ልጅ ከተነጋገሩ ሦስት ዓመት አልፏል። ገብረ ጻድቅ ደጇን ላይረግጥ ምሏል።

ወሬዋን የሚያደርስለት ወንዙ ነበር። በየዓርቡ መስከረም እንዶድ ወቅጣ ልብስ ታጥባለች፤ ነጭ አረፋው ወደ ታች ይወርዳል። ገብረ ጻድቅ አረፋው እስኪያልፍ ቆሞ ያያል። አለች ማለት ነው። ከዚያ በሬውን አጠጥቶ ይመለሳል። እንዶዱ አልቅት ስለሚገድል በሬው የሚጠጣበት ኩሬ ንጹሕ ነበር።

በሚያዝያ አንድ ዓርብ አረፋው ቀረ። ለቅሶ ሄዳ ይሆናል አለ። በሚቀጥለውም ቀረ። ጎረቤት መጠየቅ ይችል ነበር፤ አልጠየቀም።

ደመቀችም አንድ ጊዜ፣ ቆርቆሮውን በመቱበት ሰሞን፣ እንዶድ አልነካም ብላው ነበር። ሰነፍሽ ብሎ ተቆጣት እንጂ ምክንያቷን አልጠየቃትም። አሁን ግን መስከረም ሰነፈች ብሎ ማሰብ አልሆነለትም። መስከረም ሰነፍ አይደለችም።

በአራተኛው ዓርብ የበሬው አፍንጫ ደማ። አልቅቱ ተመልሷል።

ገብረ ጻድቅ በትሩን አንሥቶ ሽቅብ ወጣ። ለበሬው ብዬ ነው የምሄደው አለ፣ የሚሰማው ሰው ሳይኖር።

ወንዙ ዳር ያገኘው ገዛኸኝን ነው። ብቻውን ተቀምጦ የሴት ቀሚስ በሱቅ ሳሙና ያሻል። የእንዶዱ ስልቻ እንደተቋጠረ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። የቤቱ በር ዝግ ነው።

«በሬዬን አልቅት ጨረሰው» አለ ገብረ ጻድቅ። «ሚስትህ ምነው ሰነፈች?»

ገዛኸኝ ተነሥቶ አንገቱን ደፋ። ከቀሚሱ ውኃ ይንጠባጠባል።

ገብረ ጻድቅ ቀሚሱን አየው። የደመቀችንም ልብስ ከቀብሯ በኋላ እሱ ራሱ እንዲህ አጥቦት ነበር። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«ሳልሰማ ቀበርካት?»

«ኧረ አባቴ፣ ምን ነካዎት? ደህና ናት፤ ጋደም ብላ ነው።»

«ታዲያ እንዶዱን ማን ከለከላት?»

«አሮጊቶቹ። ሽል ያስወርዳል ብለው።»