«ይቺ ቀይ ቆጣሪ ያንቺ ናት እማዬ»

«ሦስት መቶ ሜትር ውሃ ውስጥ ይገባል!»

ልጄ አዲስ ሰዓት ያሰረበትን ክንዱን ጓደኞቹ አፍንጫ ስር ዘረጋው…

«አንተስ?» አልኩት።

«እኔ ምን እማዬ?»

«አንተስ ስንት ሜትር ትገባለህ?»

ጓደኞቹ በሳቅ ፈረሱ። ይሄ ልጅ እኮ ፀጉሩን ሳጥበው «ዓይኔ! ዓይኔ!» እያለ ጎረቤት የሚሰበስብ ነበር። ዛሬ የጠላቂ ሰዓት አስሮ መጣልኝ!

ከሰው አገር ለአንድ ሳምንት ነው የመጣው። በመሄጃው ዋዜማ ሁለት የድሮ ጓደኞቹ ሳሎኔን ሞሉት… አንዱ መነጽራም፣ አንዱ ወፍራም። ሦስቱም የሰዓት እብድ ናቸው። ሰው ልጁን በሚያሳይበት ዕድሜ እነሱ ክንዳቸውን ያሳያሉ።

«የኔው ይከብዳል» ይላል ወፍራሙ።

«የከበደው ክንድህ ነው» ይለዋል መነጽራሙ።

እኔ ግን ላይ ላዩን ልቀልድ እንጂ ውስጤ ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር።

የልጄ ሰዓት የሁለት አገር ሰዓት ነው የሚያሳየው። ከተለመዱት የሰዓትና የደቂቃ ቆጣሪዎች ሌላ አንዲት ቀይ ቆጣሪ አለችው። የገዛው ጊዜ በስልክ «ይቺ ቀይ ቆጣሪ ያንቺ ናት እማዬ፣ የትም ብሆን ያንቺን ሰዓት እጄ ላይ አያለሁ» ብሎኛል።

ይህን ያልነገርኩት ጎረቤት የለም። ደረጃ ላይ ላገኘሁት ሁሉ፣ «የኔ ልጅ እኮ ሰዓቴን እጁ ላይ አስሮ ነው የሚዞረው!» ብያለሁ።

ስልኬ ሳይጮኽ ሲሰነብት እንኳ… «ግድ የለም፣ ቀይዋን ያያታል» እያልኩ ነው የምተኛው።

ውሃ በትሪ ይዤ ስመለስ መነጽራሙ የልጄን ሰዓት ዓይኑ ላይ ለጥፎታል።

«ዙሪያውን ያለውን ቀለበት ቀየርከው እንዴ?»

«አዎ! የድሮው እስከ ሃያ አራት የተጻፈበት ነበር፣ አላማረኝም። አስፈታሁና የጠላቂዎቹን አስገጠምኩበት… ውሃ ውስጥ የቆዩበትን ደቂቃ የሚቆጥሩበትን። አያምርም?»

«ማማሩንስ ያምራል… ግን ሃያ አራቱ ቁጥር ከጠፋ ቀይዋ ምን ላይ ትነበባለች?»

ልጄ ሳቀ።

«አትነበብም። ለጌጥ ናት።»

ትሪውን አስቀመጥኩ።

ለጌጥ ናት…



ወፍራሙ ደግሞ ቀና ብሎ የግድግዳ ሰዓቴን አየና፣ «እማማ፣ ይሄኛውስ ስንት ሜትር ይገባል?» አለኝ።

«ባልዲ ውስጥ ከገባም ትልቅ ነገር ነው!» አለ ልጄ። ሦስቱም አንጋጠው ሳቁበት። «ይሄን ፕላስቲክ ጥዬ ሌላ እገዛልሻለሁ እማዬ።»

«ተወው፣ አልለመነህም» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ታክሲው በር ላይ ጥሩምባውን ይነፋል። ልጄ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ጉንጬን ሳመኝ።

«እደውላለሁ እማዬ። ሰዓትሽ እጄ ላይ ነው።»

ሆዴ ይችለዋል ብዬ ነበር… አልቻለውም።

«አንብብልኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሰዓቴን ነዋ! አሁን እኔ ቤት ስንት ሰዓት ነው?»

ክንዱን አየ። ዋናዎቹን ቆጣሪዎች «ለአንድ ሳምንት ብዬ አላዞራቸውም» ብሎ ከመጣ ጀምሮ አልነካቸውም፤ እኔ ቤት ተቀምጠው ያንን አገር ነው የሚቆጥሩት። ቀይዋም የጠላቂዎች ደቂቃ ላይ ተገትራለች። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ ሄደ…

«ስልክህን አትንካ!»

ቀና አለና ግድግዳውን አየ። ከዚያ እንደ ጎበዝ ተማሪ፣ «ዘጠኝ ከሃያ!» አለኝ።

ውጭ ሕፃናት ቦርሳቸውን አዝለው ገና ወደ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው።

የተናገረውን ራሱ ሰማው። መስኮቱን አየ… ግድግዳውን አየ…

«እማዬ… ይሄ ሰዓት ቆሟል እንዴ?»

«ከቆመ ቆየ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ባለፈው መጥተህ ከሄድክ ብዙም ሳይቆይ።»

ሳምንቱን ሙሉ ከሥሩ ተቀምጦ በላ፣ ጠጣ። ሦስት የሰዓት ዐዋቂ አንጋጦ ሳቀበት። መቆሙን ግን አንዳቸውም አላዩም!

«ለምን ድንጋዩን አትቀይሪለትም?»

«ጉልበቴ ወንበር ላይ አያወጣኝም። ሰው መለመን ደግሞ አላውቅበትም።»

«ታዲያ ሰዓቱን በምን ታውቂያለሽ?»

«በሰው። ከላይ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ጫማ ቋ ቋ ሲል ነግቷል። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሁለት ተኩል ነው። ከዚያ በኋላ… ልጆቹ እስኪመለሱ ምንም ድምፅ የለም።»

ሻንጣውን አስቀመጠ። ጫማውን አውልቆ ወንበር ላይ ወጣ። ድንጋዩን ከቴሌቪዥኑ ሪሞት አወጣሁለት።

«ቴሌቪዥኑን በምን ልትከፍቺ ነው?»

«እሱ ታች ነው ያለው፣ እደርስበታለሁ።»

«ስንት ላይ ላድርገው?»

«ጠብቅ። አሁን ይደወላል።»

ታክሲው ይጮኻል። ልጄ የፕላስቲኩን ሰዓት ደረቱ ላይ አቅፎ ወንበር ላይ ቆሟል። እኔ የወንበሩን እግር ይዣለሁ።

ሁለታችንም ደወሉን ጠበቅን…

ሳምንቱን ሙሉ ከኔ ጋር አንድ ነገር የጠበቀው ያኔ ብቻ ነው።

ተደወለ። ሁለት ተኩል ላይ አደረገው። ሰቀለው። ሄደ።

የድሮውን ቀለበት ያስመልሰው አያስመልሰው አላውቅም፤ አልጠየቅኩትም። ቤቴ ውስጥ ግን አሁን ጠቅ… ጠቅ… የሚል ነገር አለ። ጎረቤቶቼ ስለ ቀይዋ ቆጣሪ ሲጠይቁኝም «ደህና ናት» እላቸዋለሁ። ልጄን ለሰው አላማም! ለእናንተ ብነግራችሁማ ስሜንም አታውቁት።

ልጆቼ… እናትን እጅ ላይ አስሮ መዞር ጌጥ ነው። ልጅ መሆን ግን ቤቷ ገብቶ፣ ቀና ብሎ፣ ምን እንደቆመባት ማየት ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ… የእናታችሁ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ይሠራል ወይስ ቆሟል?

የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

የማታውቁ… ኮሜንቱ ይቅርብኝ፣ እሷን ደውላችሁ ጠይቋት።